የሁሩሙ ልጅ የአቶ ኦኔሲሞስ ነሲብ ታሪክ

ልጆች ሆይ፥ ከመቱ ተነሥቶ ወደ በደሌ የሚሄድ መንገደኛ ከሚያልፍባቸው ከተሞች አንዲቱ ሁሩሙ ናት። አገሩ ቡና በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የሚበቅልበት፥ ማር የሚቈረጥበት፥ ዝናም የሚበዛበት ነው። በዚያ አካባቢ በ1856 ገደማ አንድ ወንድ ልጅ ተወለደ። በዚህ ታሪክ የተጻፉት ዓመቶች ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድማችሁ እወቁ። የልጁም ስም ሂካ ተባለ። ሂካ በኦሮሞ ቋንቋ የሚፈታ ማለት ነው፤ የታሰረውን ገመድ የሚፈታ፥ ደግሞም የአንዱን ሰው ቃል ለሌላው የሚተረጕም በዚያው በአንድ ግሥ ይነገራል። እኛም በአማርኛ ገመድ ፈታ፥ ሕልም ፈታ እንላለን፤ የቃልንም ትርጕም ፍች ብለን እንጠራዋለን። ስሙን ያወጡለት ሰዎች ልጁ ወደ ፊት ታስሮ እንደሚፈታ፥ ከዚያም በኋላ ቃል ፈቺ እንደሚሆን ከቶ አላወቁም።

አራት ዓመት ሲሆነው አባቱ ሞተበት። በ1869 ሰው የሚሸጡ ነጋዶች ነጠቁት። በዚያ ዘመን ከጊቤ ማዶ ካሉት አገሮች ወደ ቀይ ባሕር የሚወርደው ሲራራ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ብቻ አልነበረም የሚጭነው፤ ሕፃናትንም ይነዳ ነበር። ሂካንም ስምንት ጌቶች ተቀባበሉት። ስምንት ጊዜ ዋጋ ተቈረጠለት ማለት ነው። በመጨረሻ ምጥዋ ደረሰ። በዚያም በ1870 ወርነር ሙንዚንገር የሚባል የስዊስ ተወላጅ ነጻ አወጣውና በምጥዋ ለነበረው ለስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ሰጠው። በ1872 በመጋቢት 31 ቀን፥ በትንሣኤ በዓል፥ ተጠመቀና ኦኔሲሞስ ተባለ። ኦኔሲሞስ ሐዋርያው ጳውሎስ ስለ እርሱ ወደ ፊልሞና የጻፈለት ባሪያ ስም እንደ ሆነ መጽሐፍ ቅዱስን የምታነቡ ታውቃላችሁ።

በትምህርቱ ትጉህ ስለ ሆነ ወደ ስዊድን ተላከ፤ በስቶክሆልም አጠገብ በዮሐነሉንድ ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ተምሮ በ1881 ተመለሰ። ከእንግዲህ ወዲህ እኛም አቶ ኦኔሲሞስ እንላቸዋለን። ምሕረት ኃይሉ የምትባል ሴት አግብተው ወዲያው ወደ ወለጋ ለመድረስ ከጓደኞቻቸው ጋራ በሱዳን በኩል ተነሡ። ነገር ግን ከአሶሳ ማለፍ አልተቻላቸውም። በሚመለሱበት ጊዜ ንዳድ ይዟቸው፥ በሚያዝያ 1882 ካርቱም ሲገቡ ለሞት ቀርበው ነበር። በ1886 ደግሞ በሸዋ በኩል ሞክረው እስከ እንጦጦ ደረሱ፤ ፈቃድ ግን አላገኙም። ሁለት ጊዜ ወደ አገራቸው ተነሥተው ሁለት ጊዜ መንገዱ ተዘጋባቸው።

አገራቸው መግባት ባይችሉ ለአገራቸው ሰዎች የሚነበብ ነገር ማዘጋጀትን ያዙ። እዚህ ላይ ግን ከባድ ነገር ገጠማቸው፤ እርሱም በራሳቸው አፍ ውስጥ ነበር። ከሁሩሙ የወጡት በልጅነታቸው ነው። ልጅ የሚያውቀው የእናቱን ቤት ቋንቋ፥ የጨዋታውንና የከብት ጥበቃውን ቋንቋ ነው፤ ሽማግሎች ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ሲፈርዱ፥ ሲመርቁ፥ ሲያስታርቁ የሚናገሩትን ገና አልሰማም። የነጋዶቹ ግፍ ልጁን ከእናቱ መለየቱ ብቻ አይደለም፤ ያልተማረውንም የቋንቋውን እኩሌታ ነጠቀው። ኦሪትንና ነቢያትን፥ ምሳሌንና መዝሙርን ለመተርጐም ግን ያ እኩሌታ የግድ ያስፈልግ ነበር።

የኦሮሞን ቃላት በመጽሐፍ የሰበሰቡ ሰዎች ከእርሳቸው በፊትም ነበሩ። ካርል ቱቸክ የሚባል ሰው በጀርመን አገር በሙኒክ ከተማ ተቀምጦ፥ ከባርነት ወጥተው ወደዚያ ከደረሱ የኦሮሞ ልጆች አፍ ቃል እየሰማ መዝገበ ቃላት ጽፎ ነበር፤ እርሱም ከሞተ በኋላ መጽሐፉ በ1844 ታተመ። ክራፕፍም በ1842 የቃላት ዝርዝር አሳትሟል። እነዚህ ግን በኤውሮጳ ላሉ ሊቃውንት የተዘጋጁ ነበሩ፤ የሁሩሙ ወይም የጎሬ ልጅ ሊያነባቸው አይችልም ነበር።

በ1886 የኢጣልያ መርከቦች ባሪያ ጭና ወደ ዐረብ አገር ልትሻገር የነበረችን ጀልባ በቀይ ባሕር ላይ ያዙ። በውስጧ ከነበሩት አንዲቱ አስቴር ጋኖ የተባለችው ብላቴና ናት። በነጻነት ተወልዳ ሳለች የሊሙ እናርያ ንጉሥ ባሪያ አድርጓት ነበር። እርስዋም በምጥዋ አጠገብ ወደ ነበረው ወደ እምኩሉ ትምህርት ቤት ገባች። አቶ ኦኔሲሞስ ይህች ልጅ ልበ ብሩህ እንደ ሆነች፥ ለቋንቋዋም ልዩ ስሜት እንዳላት ብዙ ሳይቈዩ አስተዋሉ። ውጭ አገር የተማሩ ሰው ናቸው፤ ከባርነት ትናንት የወጣች ልጅ ቃል ብታርምባቸው ክብራቸው የሚጐድል ይመስላቸው ዘንድ ይቻል ነበር። እርሳቸው ግን መዝገበ ቃላቱን የማዘጋጀት ሥራ ለእርስዋ እንዲሰጥ ሆነ። እኔ በዚህ ሰው ሕይወት ውስጥ ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው ይህንን ነው።

አስቴር ቃላቱን ሰበሰበች፤ በእነርሱም የአዲስ ኪዳን ትርጓሜ ተቃንቶ በ1893 ታተመ። ደግሞም ተረቱን፥ እንቈቅልሹን፥ ምሳሌውን፥ ዘፈኑን ከልብዋ እያወጣች አምስት መቶ ያህል ጻፈች። ከዚህም ብዙው ለጀማሪ አንባቢዎች በተዘጋጀው መጽሐፍ ገብቶ በ1894 የሁለቱ ሥራ ሆኖ ወጣ። አስቡት ልጆች፤ የገዛ ሕዝቡን እንቈቅልሽ እያነበበ ፊደል የሚቈጥር ልጅ ትምህርቱ እንዴት ይጣፍጠዋል!

ስለ አጻጻፉም ጥቂት ልንገራችሁ። የተጠቀሙት በግዕዝ ፊደል ነው። በኦሮሞ ቋንቋ ግን በአማርኛ የሌለ ድምፅ አለ፤ ምላስ ወደ ላይ ታጥፎ የሚወጣው ነው። ለእርሱም በደ ራስ ላይ ምልክት ተጨምሮ ዸ ተባለ። ፊደሉ የማይጠብቀውንና የሚጠብቀውን አይለይም፤ በዳ ተብሎ የተጻፈው ቃል ሲላላ ክፉ፥ ሲጠብቅ ደጋ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ቃል በመዝገብ የሚያኖር ሰው ሁለቱንም ፍች ለየብቻ ካላስታወቀ አንባቢው ደጋውን ሁሉ ክፉ አገር ያደርገዋል። ዛሬ በመቱና በበደሌ የሚማሩ ልጆች ቋንቋውን በላቲን ፊደል፥ በቁቤ፥ ስለሚጽፉ የጠበቀውን ድምፅ ፊደሉን ደግመው ያሳያሉ። ለእግዚአብሔርም ስም ተርጓሚዎቹ የባዕድ ቃል አልፈለጉም፤ ሽማግሎች ሲመርቁ የሚጠሩትን ዋቀዮን ያዙ።

የመጽሐፍ ቅዱሱ ትርጓሜ በ1897 ተፈጸመ፤ በ1899 በስዊስ አገር በቅድስት ክሪስኮና ታተመ። በመጽሐፉ ፊት ገጽ የተነገረው ተርጓሚ አቶ ኦኔሲሞስ ብቻ ናቸው። የአስቴር ድካም በዚያ አለመነገሩ ጕድለት ነው፤ ማን እንዳጐደለው መፍረድ ለእኛ አይደለም፤ የጐደለውን ስም ግን በዚህ ታሪክ ስንናገር በሚገባው ቦታ እናኖረዋለን።

በ1904 መንገዱ ተከፈተ። አቶ ኦኔሲሞስ፥ አስቴርና ሌሎች ጓደኞቻቸው ወደ ወለጋ ገቡ፤ የነቀምቱ ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር በደስታ ተቀበሏቸው። ሕዝቡ በገዛ ቋንቋው ሲሰማ ብዙ ሰው ተሰበሰበ። ኦሮምኛ የማያውቁት የአገሩ ካህናት ግን የሚባለውን መመርመር ስላልቻሉ ተጠራጠሩ፤ ከሰሷቸውም። በ1906 አዲስ አበባ ቀርበው አቡነ ማቴዎስ ከአገር እንዲወጡ ፈረዱባቸው። ዐፄ ምኒልክ ፍርዱን አቃልለው፥ ከእንግዲህ ሳይሰብኩ በነቀምት እንዲቀመጡ ፈቀዱላቸው። አሥር ዓመት ያህል በዚህ ትእዛዝ ሥር ኖሩ፤ በ1916 ልጅ ኢያሱ የመስበክ ፈቃድ ሰጧቸው። ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ቢወርዱም ፈቃዱ አልተሻረም።

ሕዝቡ አባ ገማቺስ እያለ የሚጠራቸው እኚህ ሰው መጽሐፉን እያደሉና እያስተማሩ ኖረው በሰኔ 21 ቀን 1931 በነቀምት አረፉ። ወይዘሮ አስቴር በዚያው ከተማ አስተማሪ ሆነው ብዙ ዘመን ከእርሳቸው በኋላ ቈይተው በ1964 ዐረፉ። ከጻፉት ተረትና እንቈቅልሽ ያልታተመው ብዙው ክፍል በስዊድን አገር በአንድ የሚስዮናውያን ቤተ ሰብ እጅ ተጠብቆ ቈየ።