ፔር ፎርስኮል፦ የቀይ ባሕር ዳርቻን ዕፅዋት ለሳይንስ ያስተዋወቀ ወጣት

የዕፅዋት ሳይንሳዊ ስም ሲጻፍ ከመጨረሻው አጠር ያለች የሰው ስም ትከተላለች። ሊ. ካለ ሊኔየስ ነው፤ እሱን የማያውቅ የባዮሎጂ ተማሪ የለም። ፎርስክ. ሲልስ? በየወንዙ ዳር የምናየው የቀለዋ ስም ኋላ አለ፣ የጫትም ስም ኋላ አለ። ሰውየው ፔር ፎርስኮል ይባላል። በ31 ዓመቱ የመን ውስጥ ነው የሞተው። እኔ ስለ እሱ ለመጻፍ የተነሳሁት ግን በቀለዋም በጫትም ምክንያት አይደለም። የባሕር ዳርቻና የባሕር ወለል ዕፅዋት ካርቦን እንዴት እንደሚያከማቹ ለሴሚናር ሳነብ፣ የቀይ ባሕርን ዕፅዋት በተመለከተ ይኼው ፎርስክ. የሚል ቃል በየገጹ እየመጣ አስቸገረኝ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፎርስኮል በ1732 ሄልሲንኪ ተወለደ። ያን ጊዜ ፊንላንድ በስዊድን ሥር ነበረች። አባቱ የሉተራን ቄስ ነበሩ። ገና በአሥር ዓመቱ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ተመዘገበ፤ በኋላም የሊኔየስ ተማሪ ሆነ። ከዚያ ወደ ጌቲንገን ሄዶ ፍልስፍናና የምሥራቅ ቋንቋዎችን አጠና።

ግትር ሰው ነበር። በ1759 ስለ ዜጎች ነፃነት 21 አንቀጾች ያሏት ትንሽ መጽሐፍ ጻፈ። ሳንሱር ቆራርጦ አሳለፋት። እሱም ወደ 500 የሚሆኑ ቅጂዎችን አሳትሞ በዚያው ቀን በተነ። ወዲያው ይሰብሰብ የሚል ትእዛዝ መጣ። ሰብሳቢው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የዩኒቨርሲቲው ሬክተር የነበረው የራሱ መምህር ሊኔየስ! የተገኘው ግን 79 ቅጂ ብቻ ነበር። ስዊድን የፕሬስ ነፃነት ሕግ ያወጣችው በ1766 ነው፤ ፎርስኮል በዚያን ጊዜ ከሞተ ሦስት ዓመት አልፎታል።

የዴንማርኩ ንጉሥ ፍሬድሪክ 5ኛ ወደ ዓረብ ምድር የጥናት ቡድን ሊልክ ሲያስብ ለተፈጥሮ ሳይንሱ የተመረጠው ፎርስኮል ሆነ። ቡድኑ በጥር 1761 ከኮፐንሃገን ተነሣ። ስድስት ሰዎች ናቸው፦ ፎርስኮል፣ ካርታ አንሺው ካርስተን ኒቡር፣ የቋንቋ ሊቁ ፎን ሃቨን፣ ሐኪሙ ክራመር፣ ሠዓሊው ባውረንፋይንትና አገልጋያቸው ቤርግሬን። እርስ በርስ አይዋደዱም ነበር። እንዲያውም ፎን ሃቨን መንገድ ላይ አርሴኒክ መርዝ ሲገዛ ሌሎቹ እኛን ሊገድል ነው ብለው ሰግተዋል። ግብፅ አንድ ዓመት ያህል ቆዩ። ፎርስኮል እዚያ እንደ ድሃ ገበሬ እየለበሰ ዕፅዋት ይሰበስብ ነበር፤ ያም ሆኖ ከዘራፊዎች አላመለጠም።

በጥቅምት 1762 ከስዊዝ በመርከብ ወደ ጂዳ ተሻገሩ፤ በዓመቱ መጨረሻ ደግሞ የየመን ወደብ የሆነችው ሉሐያ ደረሱ። ፎርስኮል በዚህ ጉዞ ከሰበሰባቸው ዕፅዋት መካከል ማንም ነጋዴ ዞር ብሎ የማያያቸው ነበሩ። አንደኛው ማንግሮቭ ነው። ዓረቦቹ ሹራ ይሉት ስለነበር እሱም ስሙን ከእነሱ ወስዶ ሲዩራ ማሪና አለው። ሦስቱ ደግሞ የባሕር ሣሮች ናቸው፤ ዛሬ ሃሎፊላ ስቲፑላሲያ፣ ታላሶደንድሮን ሲሊያተምና ሃሎዱሌ ዩኒነርቪስ ይባላሉ። የባሕር ሣር ስል አልጌ ማለቴ አይደለም፤ ሥርና አበባ ያለው፣ ሙሉ ዕድሜውን ውኃ ውስጥ የሚኖር እውነተኛ ተክል ነው።

እዚህ ላይ ስለ ጭቃው ትንሽ ላውራ። ማንግሮቭ ጨው ባለበት ጭቃ ውስጥ ቆሞ ነው የሚያድገው። የቀይ ባሕሩ ዓይነት ከሥሩ ላይ እንደ እርሳስ ቀጥ ያሉ ቀንበጦችን ከጭቃው ወደ ላይ ያወጣል፤ የሚተነፍስባቸው ናቸው። ምክንያቱም ጭቃው ውስጥ ኦክስጅን የለም ማለት ይቻላል። ዋናው ነገር ያለው እዚሁ ላይ ነው። በየብስ ላይ የወደቀ ቅጠል ይበሰብስና ካርቦኑ ብዙም ሳይቆይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ወደ አየር ይመለሳል። የባሕር ውኃ ባራሰው ጭቃ ውስጥ ግን መበስበሱ በጣም ይዘገያል። የሞተ ሥርና የረገፈ ቅጠል እዚያው ይቀበራል። ግንዱ፣ ሥሩና የሣሩ ቅጠል የውኃውን ፍጥነት ስለሚገቱ ከሌላ ቦታ የመጣ ደለልም ይከማቻል፤ በላዩ ላይ ሌላ ይደረባል። ካርቦኑ በዚህ ዓይነት ለመቶዎች፣ አንዳንድ ቦታም ለሺህ ዓመታት ይቀመጣል። የባሕር ሣር ከዓለም የውቅያኖስ ወለል 0.2 በመቶ እንኳ አይሸፍንም፤ በየዓመቱ በባሕር ውስጥ ከሚቀበረው ኦርጋኒክ ካርቦን ግን 10 በመቶ ያህሉ የእሱ ድርሻ እንደሆነ ይገመታል። ታዲያ ማንግሮቩ ተቆርጦ ጭቃው ለሽሪምፕ ማርቢያ ኩሬ ሲቆፈር አየር ያገኘዋል፣ በብዙ ዘመን የተጠራቀመውም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይወጣል። ፎርስኮል ይህን ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ አልነበረም። እሱ ሲሞት ኦክስጅን ራሱ ገና አልተገኘም።

ወደ ሕይወቱ ልመለስ። ሞካ ወደብ ሲደርሱ የጉምሩክ ሰዎች ዓሦቹን በአልኮል ያስቀመጠባቸውን ዕቃዎች ከፈቱ። ሽታው ቤቱን ሞላው፤ ዓሥርም ሃያም ቀን የተለፋበት ነገር ተበላሸ። በግንቦት 1763 ፎን ሃቨን እዚያው ሞካ ሞተ። የቀሩት ወደ ሰንዓ ሲያመሩ ፎርስኮል ወባ ያዘው፤ ግመል ላይ ታስሮ ነበር የሚጓዘው። ያሪም በምትባል ተራራማ ከተማ ሐምሌ (ጁላይ) 11 ቀን 1763 አረፈ። በሣጥን ስለተቀበረ ሰዎች ሀብት ያለበት መስሏቸው መቃብሩን ቆፍረውታል። ባውረንፋይንትና ቤርግሬን ወደ ቦምቤይ ሲሻገሩ ባሕር ላይ ሞቱ፤ ክራመር ቦምቤይ ከደረሰ በኋላ በ1764 ሞተ። የቀረው ኒቡር ብቻውን ነው።

ሊኔየስ ለተማሪው መታሰቢያ አንድ ተክል ፎርስካኦሊያ ቴናሲሲማ ብሎ ሰየመ። የያዘውን አልለቅም የሚል፣ ልብስ ላይ የሚጣበቅ ተክል ነው። መምህሩ ልጁን በደንብ ያውቀው ነበር መሰለኝ።

እኔ ከሁሉ በላይ የማከብረው ግን ኒቡርን ነው። በ1767 ኮፐንሃገን ሲመለስ የሟች ጓደኛውን ማስታወሻዎች አስተካክሎ የዕፅዋቱንና የእንስሳቱን መጻሕፍት በ1775፣ ሥዕሎቹን በ1776 አሳተመ። ኒቡር የዕፅዋት ሊቅ አልነበረም፤ ዝም ቢል ማንም አይወቅሰውም። ፎርስኮል ያደረቃቸው ዕፅዋትና እንደ ቅጠል ተጨፍልቀው ወረቀት ላይ የተለጠፉት ዓሦቹ ዛሬም ኮፐንሃገን ውስጥ አሉ። የማንግሮቩ ስም ግን ተለውጧል። በ1907 ፊርሃፐር የተባለ ኦስትሪያዊ ወደ አቪሴኒያ ወገን አዛወረው፤ አቪሴኒያ ደግሞ በሐኪሙ ኢብን ሲና ስም የተሰየመ ነው። ሹራ የሚለው ቀረ፤ ማሪና የሚለው የፎርስኮል ቃል ቆየ።

አሁን ወደ ቁጥሩ። በ2011 የወጣ ጥናት በህንድና በፓስፊክ ውቅያኖስ አካባቢ ያሉ ማንግሮቮች በአማካይ በሄክታር 1,023 ቶን ካርቦን እንደያዙ አሳየ፤ አብዛኛው አፈሩ ውስጥ ነው። በ2017 በሳዑዲ በኩል ባለው የቀይ ባሕር ዳርቻ የተደረገ ጥናት ግን እስከ አንድ ሜትር ጥልቀት ባለው አፈር ውስጥ ያገኘው በሄክታር 43 ቶን ያህል ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ዛፉንና ጥልቁን አፈር ስለሚጨምር ሁለቱን እኩል ማወዳደር አይቻልም፤ ቢሆንም ልዩነቱ ሰፊ ነው። ቀይ ባሕር ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ አይገባበትም፤ ዝናብ የለም፣ ጨውና ሙቀቱ ብዙ ነው፣ ዛፎቹም አጫጭር ናቸው።

ታዲያ ለካርቦን አይረባም ብሎ የሚያልፈው አይጠፋም። እኔ አልስማማም። ትንሹም ቢሆን ከተቆፈረ ይወጣል። ደግሞም የቀይ ባሕር ደለል ኖራ የበዛበት ነው። ከመበስበሱ የሚወጣው አሲድ ኖራውን ሲያሟሟ ውኃው ካርቦን ዳይኦክሳይድን በሌላ መልክ ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ ይህ ጭቃ ተቆፍሮ ሲለካ በሚገኘው ቁጥር ውስጥ አይገባም።

ዛፎቹ ለምን አጠሩ ለሚለው ጥያቄ ጥሩ መልስ ያገኘሁት ከኤርትራ በኩል ነው። ጎርደን ሳቶ የተባለው ጃፓናዊ ዝርያ ያለው አሜሪካዊ የሴል ተመራማሪ (በ2017 ሞቷል) ምጽዋ አጠገብ ሕርጊጎ መንደር ላይ ይኼንኑ አቪሴኒያ ማሪና ተክሏል። ማንግሮቩ የሚበቅለው የዝናብ ጎርፍ ወደ ባሕሩ በሚገባበት ብቻ መሆኑን አስተዋለ። ጎርፉ የሚያመጣው ደግሞ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ብረት ነው ብሎ አሰበ። ስለዚህ የኛ ገበሬዎች የሚያውቁትን ዩሪያና ፎስፌት ያለበት ማዳበሪያ በቀዳዳ ፕላስቲክ ቋጥሮ፣ ከቁራጭ ብረት ጋር ችግኙ ሥር ቀበረ። ዛፉም ጎርፍ በማይደርስበት ዳርቻ አደገ። የሳቶ ሐሳብ ካርቦን አልነበረም፤ የመንደሩ ሰው ቅጠሉን ለፍየልና ለግመል መኖ እንዲያደርገው ነው። ቅጠሉ ሲበላ ወደ ጭቃው የሚወርደው ይቀንሳል። ሥሩ ጋ ግን ፍየል አይደርስም።