ቅዱስ ኤፍሬም ሶርያዊ፦ በማዕበል መካከል የዘመረ ዲያቆን

ቅዱስ ኤፍሬም በ306 ዓ.ም. ገደማ (ዘመናቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በንጽቢን ተወለደ። ከቅዱስ ያዕቆብ ዘንጽቢን እግር ሥር ተምሮ፥ እስከ ዕለተ ሞቱ በዲቁና አገለገለ።

በ350 ዓ.ም. የፋርስ ንጉሥ ሳቦር ወንዙን ገድቦ በከተማዋ ላይ ለቀቀው፤ ቅጥሩም ተናደ። ሕዝቡ ግን የፈረሰውን መልሶ ሠራ፤ ከተማዋም አልተያዘችም። ኤፍሬም ያንን መከራ በቅኔ ሲደርሰው ንጽቢንን በጥፋት ውኃ መካከል እንዳለች የኖኅ መርከብ አድርጎ አናገራት። ኀዘኗን አልሸሸገም፤ ነገር ግን ከፈጣሪዋ ሕይወትን እንድትለምን አደረጋት።

በ363 ዓ.ም. ከተማዋ በውል ለፋርስ ስትሰጥ ክርስቲያኖቿ ተሰደዱ። ኤፍሬምም በስተርጅናው ኤዴሳ ገባ። በባዕድ ከተማም ዝም አላለም፤ ደናግልን ሰብስቦ መዝሙር አስተማረ፥ ምእመናንንም በዜማ ከኑፋቄ ጠበቀ። በመጨረሻ ዘመኑ ረኀብ ሲጸና ከባለጠጎች ገንዘብ ተቀብሎ ለተራቡት ምግብ፥ ለድውያን አልጋ እንዳዘጋጀ ይነገራል። በ373 ዓ.ም. ዐረፈ።

ቤተ ክርስቲያን ሐምሌ 15 ቀን ታስበዋለች። አገሩን ያጣው ዲያቆን ምስጋናውን አላጣም፤ በስሙ የሚጠራው ውዳሴ ማርያምም ዛሬ ከስደተኞች ጋር ባሕር ተሻግሮ በየዕለቱ ይደገማል።