ያሬድና ትሉ

የሐይቅ ልጆች ሆይ፥ በእስጢፋኖስ ገዳም የሚሰማውን ዜማ የደረሰው ቅዱስ ያሬድ ነው። እርሱም በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም ኖረ። አባቶች እንደሚተርኩት፥ አባቱ በልጅነቱ ስለ ሞተ አጎቱ ጌዴዎን ያስተምረው ጀመር፤ ነገር ግን ትምህርቱ አልገባ ስላለው በተገረፈ ጊዜ ኮበለለ። በመንገድም ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሳለ አንድ ትል ግንዱን ሲወጣ አየ። ትሉ ስድስት ጊዜ ወደቀ፤ በሰባተኛው ግን ወጥቶ ፍሬውን በላ። ያሬድም ይህን አይቶ አለቀሰ፤ ተመልሶም መምህሩን ይቅርታ ለመነ። ከዚያ በኋላ ተግቶ ተማረ፤ ግዕዝ፥ ዕዝልና አራራይ በሚባሉት በሦስቱ ስልቶችም ዜማን ደረሰ።

እንግዲህ ዜማ ዐዋቂ ሁሉ አስቀድሞ የማያውቅ ነበረ። ትምህርት ቢከብዳችሁ ትሉን አስቡ እንጂ መጽሐፋችሁን አትጣሉ።