ሰዓት ፈትተው የሚገጥሙት ንጉሠ ነገሥት

ዳግማዊ ምኒልክ ሲነሡ የዓድዋ ድል ቀድሞ ይታወሳል። ባቡሩ፣ ስልኩና ፖስታው ይከተላሉ። ለእነዚህ ሥራዎች ሁሉ መንገድ የጠረገው አንድ ጠባያቸው ግን ብዙ ጊዜ ሳይወሳ ይታለፋል። ምኒልክ የተዘጋ ነገር ከፍተው ውስጡን ሳያዩ የማይረኩ ሰው ነበሩ። ሰዓት ሲበረከትላቸው ጊዜ ቆጥረውበት ብቻ አይተዉትም፤ ፈትተው ጥርሶቹን ይመረምራሉ፣ መልሰውም ይገጥማሉ። አዲስ ጠመንጃ ሲቀርብላቸው አሠራሩን ጠንቅቀው ይጠይቃሉ። ቤተ መንግሥታቸውን የጎበኙ የውጭ ሰዎች ይህን ጠባያቸውን በየመጽሐፎቻቸው መዝግበውታል።

ነገሩ ከተወለዱበት ምድር ልማድ አንጻር ሲታይ ቀላል አልነበረም። በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ እንደ ሌላው የአገሪቱ ክፍል ሁሉ፣ ብረት የሚቀጠቅጥ እጅ የሚናቅ እጅ ነበር። ማረሻና ማጭድ የሚያወጣው ባለሙያ ጠይብ እየተባለ ይሰደባል፣ በቡዳነት ይጠረጠራል፣ ከጋብቻም ይገለላል። ገበሬው ያለ እርሱ ማረስ አይችልም፤ ከእርሱ ጋር በአንድ ማዕድ መቀመጥ ግን ይጸየፋል። በዚህ አገር ንጉሥ በገዛ እጁ መፍቻና ጉጠት መያዙ ከጨዋታ ያለፈ ትርጉም ነበረው።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም ከደብረ ብርሃን ብዙም በማትርቀው አንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው ኃይለ መለኮት፣ እናታቸው ወይዘሮ እጅጋየሁ ይባላሉ። የልጅነት ስማቸው ሣህለ ማርያም ነበር። የዘር ሐረጋቸው ወደ ላይ ሲቆጠር መንዝ ላይ ያርፋል። የሸዋን ነገሥታት ሐረግ የመሠረቱት ነጋሢ ክርስቶስ የመንዝ አጋንቻ ሰው ነበሩና። ገብስ በሚዘራበት፣ ከበግ ጠጉር ባና በሚሠራበት በዚያ ብርዳም ደጋ የበቀለው ሥርወ መንግሥት ከጊዜ በኋላ ወደ አንኮበር ወርዶ ዙፋኑን ተከለ።

ለዕደ ጥበብ የነበራቸው ፍቅር ከአያታቸው ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የወረደ ይመስላል። ሣህለ ሥላሴ በአንኮበር ቤተ መንግሥታቸው ዙሪያ ቀጥቃጮችን፣ ሸማኔዎችንና ሌሎች ባለሙያዎችን ያሠሩ ነበር። በ1830ዎቹ መጀመሪያ በሻምበል ሃሪስ የተመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ወደ ሸዋ ሲመጣ ጠመንጃ፣ መድፍ፣ ሰዓትና የሙዚቃ ሣጥን ይዞላቸው መጣ። በዚያው ዘመን አንድ የውጭ አገር ባለሙያ በውኃ ኃይል የሚዞር ወፍጮ ሠራላቸው። ወፍጮው ግን ብዙ ቀን አልዞረም። ካህናቱ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው አወገዙት፤ ንጉሡም ከእነርሱ ጋር መጋጨት ስላልፈለጉ ወፍጮው ቆመ። የሸዋ እናቶችም በእጅ ወፍጮ ድንጋይ ላይ ጎንበስ ብለው መፍጨታቸውን ቀጠሉ።

ሣህለ ሥላሴ በ1840 ዓ.ም ሲያርፉ የልጅ ልጃቸው ገና የ3 ዓመት ሕፃን ነበሩ። ከ8 ዓመት በኋላ፣ በ1848 ዓ.ም፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በሸዋ ላይ ዘመቱ። ንጉሥ ኃይለ መለኮት በዚያው ወቅት ታመው አረፉ። የ11 ዓመቱ ልዑልም ተማርከው ወደ መቅደላ ተወሰዱ። ቴዎድሮስ ልጁን እንደ ምርኮኛ ብቻ አልያዟቸውም፤ አስተማሯቸው፣ ልጃቸውንም ዳሩላቸው። ቴዎድሮስ ራሳቸው በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የአውሮፓ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ ያስቀልጡ የነበሩ ንጉሥ ናቸው። የአገር ኃይል ከብረት ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑን የተረዳ ቤተ መንግሥት ውስጥ ምኒልክ 10 ዓመት ያህል አሳለፉ።

በ1857 ዓ.ም ከመቅደላ አምልጠው በወሎ በኩል ወደ ሸዋ ተመለሱ። ሸዋን ይዞ ራሱን ንጉሥ ያሰኘው በዛብህ ሊቋቋማቸው ሞከረ፤ ሕዝቡ ግን ወደ ቀድሞው ንጉሥ ልጅ አደላ። ምኒልክ የአባታቸውን ዙፋን ያዙ። ከዚያ በኋላ በአንኮበርና በደብረ ብርሃን አጠገብ ባለችው ልቼ እየተቀመጡ የውጭ ባለሙያዎችን ወደ አገራቸው መጋበዝ ጀመሩ። በ1869 ዓ.ም የኢጣሊያ ጂኦግራፊ ማኅበር ሰዎች መጡ፤ በአንኮበር አቅራቢያ ልጥ ማረፊያ የተባለው ቦታ ተሰጣቸው። በ1871 ዓ.ም ደግሞ አልፍሬድ ኢልግ የተባሉት ወጣት የስዊዘርላንድ መሐንዲስ ከሁለት ባለሙያዎች ጋር ደረሱ።

ስለ ኢልግና ስለ ንጉሡ የመጀመሪያ ቀናት የሚተረክ ታሪክ አለ። ንጉሡ መሐንዲሱን በመጀመሪያ ያዘዟቸው ጫማ እንዲሠሩ ነበር። ኢልግ ጫማ ሠርተው አያውቁም፤ ግን ሞክረው አስረከቡ። ንጉሡ ጫማውን ወደዱት፤ ቀጥለውም ጠመንጃ እንዲሠሩ አዘዙ። መሐንዲሱ ከውጭ አገር ቢገዛ ርካሽ እንደሚሆን ቢያስረዱም ንጉሡ አልተቀበሉም። ኢልግ ብዙ ደክመው ጠመንጃውን ሠሩ። ምኒልክ ይፈልጉ የነበረው አንድ ተጨማሪ ጠመንጃ አልነበረም። የሚገዛው ነገር በአገር ውስጥ፣ በሰው እጅ ሊሠራ እንደሚችል በዓይናቸው ማየት ፈለጉ። ኢልግም ከ20 ዓመት በላይ በኢትዮጵያ ቆዩ፤ ድልድይ ሠሩ፣ ውኃ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥት አስገቡ፣ የባቡሩንም ሥራ አስጀመሩ።

ከ1880 ዓ.ም ጀምሮ አገሪቱ ላይ ክፉ ቀን መጣ። ከባሕር ዳርቻ የተነሣው የከብት በሽታ በጥቂት ጊዜ ውስጥ አብዛኛውን የቀንድ ከብት ፈጀ። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ። ድርቅና አንበጣ ተጨመሩበት፤ ረሀቡም እስከ 1884 ዓ.ም ድረስ ብዙ ሕዝብ ጨረሰ። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም ጥቅምት ወር በእንጦጦ ንጉሠ ነገሥት ተብለው የዘውድ ዘይት የተቀቡት በዚህ መከራ መካከል ነው። በሬ የሌለው ገበሬ ተስፋ ቆርጦ በተቀመጠበት ወቅት ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ማሳ ወጥተው ዶማ አነሡ፤ መሬት በገዛ እጃቸው ቆፈሩ። መኳንንቱም ተከተሏቸው። በዚያ ዘመን የገበሬው ሕይወት በአንድ ዶማ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ዶማውን የሚያወጣው ደግሞ ሰው የሚሸሸው ቀጥቃጭ ነበር። ንቀት ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ከዚህ የበለጠ ማሳያ አልነበረም።

በ1882 ዓ.ም ራስ መኮንን ከኢጣሊያ ሲመለሱ ስልክ ይዘው መጡ። ሽቦው ተዘርግቶ ድምፅ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲሻገር የሰሙ ካህናት እንደ ቀደሙት አባቶች ይህ የሰይጣን ድምፅ ነውና ይሰበር ብለው ጠየቁ። በሣህለ ሥላሴ ዘመን የወፍጮው ታሪክ በእገዳ አብቅቶ ነበር። የልጅ ልጃቸው ግን ጥያቄውን አልተቀበሉም። ስልኩ ቀረ፤ ከዓድዋ ድል በኋላ ባሉት ዓመታትም መስመሩ ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር ተዘረጋ። አያትና የልጅ ልጅ አንድ ዓይነት ፍቅር ነበራቸው። ልዩነቱ ምኒልክ ነገሩን ከፍተው አይተውታል፤ ውስጡ ሽቦና ብረት እንጂ ሰይጣን እንደሌለ ያውቃሉ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ነገር ሁሉ በዚያው እጅ አልፏል። በ1891 ዓ.ም የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ድምፅዋን በፎኖግራፍ ቀርፃ ላከችላቸው። ምኒልክና እቴጌ ጣይቱም ድምፃቸውን ቀርፀው መልሱን ላኩ፤ ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይሰማል። በ1896 ዓ.ም የአሜሪካ መልእክተኞች ሲመጡ ካበረከቱላቸው መካከል የጽሕፈት መኪና ይገኝበታል። አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ አስመጡ፤ ሕዝቡም የሰርኪስ ባቡር አለው። በ1900 ዓ.ም አውቶሞቢል ወደ አዲስ አበባ ሲገባ ንጉሠ ነገሥቱ ከመሳፈር አልፈው መሪውን ይዘው መንዳት ፈለጉ። ማገዶ ሲጠፋ ደግሞ ከውጭ የመጣውን ባሕር ዛፍ እንዲተከል አበረታቱ። ዛሬ ከመንዝ እስከ መርሐቤቴ በየገበሬው ጓሮ የቆመው ባሕር ዛፍ የዚያ ዘመን ውጤት ነው።

ከሥራዎቻቸው ሁሉ ለገበሬውና ለባለ እጁ የቀረበው ግን ብረትም ሽቦም አልነበረም። በ1900 ዓ.ም ያወጡት አዋጅ ነው። አዋጁ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ከለከለ። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ጸሐፊው፣ አራሹና ነጋዴው በየሙያቸው ስም እየተሰደቡ መኖራቸውን ዘረዘረ። የሰው ልጅ ሁሉ ከአዳምና ከሔዋን የተወለደ መሆኑን አስታወሰ። በሌላው አገር አዲስ ነገር የሠራ ሰው ሲመሰገን ሥራው እንደሚበዛ፣ በዚህ አገር ግን ስድብ በመፍራት ባለሙያው ሙያውን እየተወ አገር ማረሻ የሚሠራላት እንደምታጣ አመለከተ። ከዚያ በኋላ ሲሳደብ የተገኘ በእስራት እንደሚቀጣም ደነገገ። ቀጥቃጩና ገበሬው በአንድ አዋጅ፣ በአንድ ረድፍ ክብራቸው ተጠበቀ።

አዋጁ ልማዱን በአንድ ቀን አልሻረውም። ጠይብ የሚለው ስድብ ከአዋጁ በኋላም ለትውልዶች ኖሯል። የምኒልክም ጥረት የራሱ ጉድለት ነበረው። መሣሪያዎቹ በአብዛኛው በቤተ መንግሥቱና በከተማይቱ ዙሪያ ቀሩ፤ የሚጠግኗቸውም በብዛት የውጭ ሰዎች ነበሩ። የመንዝና የጊሼ ቀጥቃጭ ከወናፉና ከመዶሻው ሌላ መሣሪያ አላገኘም። ንጉሠ ነገሥቱ ሰዓት መፍታት ያወቁትን ያህል የገጠሩ ልጅ የሚማርበት የእጅ ሙያ ትምህርት ቤት በየአውራጃው አልተከፈተም። ሕመማቸው ከ1900 ዓ.ም በኋላ እየጠና ሄደ፤ ሰውነታቸው ሰነፈ፣ አንደበታቸውም ተያዘ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም አረፉ። አስከሬናቸው በአዲስ አበባ በታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ገዳም አርፏል።

የንጉሡ ዓይነት ጠባይ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ብዙ ሰዎች በትርፍ ጊዜያቸው የሚይዙት ሥራ ሆኗል። ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1981 ዓ.ም ለገበያ ያቀረበውን ጌም ቦይ የተባለ በእጅ የሚያዝ የጨዋታ መሣሪያ ለምሳሌ መውሰድ ይቻላል። መሣሪያው በ4 ትንንሽ ባትሪ ድንጋዮች ይሠራ ነበር። ዛሬ ብዙዎች ከየጓዳው አውጥተው ይከፍቱታል። የፈሰሰ ባትሪ ያዛገውን ብረት ይጠርጋሉ፣ ያረጀውን ካፓሲተር ነቅለው አዲስ ይበይዳሉ፣ የደበዘዘውን መስታወት በሚያበራ መስታወት ይተካሉ፣ ቻርጅ የሚደረግ ባትሪም ይገጥሙለታል። የተጣለው ዕቃ ከቀድሞው በተሻለ ይሠራል። በሠለጠነው ዓለም ከእነዚህ ሰዎች መካከል ስለ ሥራው የሚያፍር የለም፤ ከዚህ ዓይነቱ መነካካት ተነሥተው መሐንዲስ የሆኑ ብዙ ናቸው።

በመሐል ሜዳ፣ በራቤል፣ በዓለም ከተማና በደብረ ብርሃን ሬዲዮ፣ የእጅ ስልክና የፀሐይ መብራት ከፍተው የሚጠግኑ ወጣቶች የዚሁ ሥራ ባለቤቶች ናቸው። የአየር ጠባይ ትንበያና የእህል ዋጋ በሬዲዮና በስልክ የሚሰማ ገበሬ በእነዚህ እጆች ላይ ይደገፋል፤ አያቱ በቀጥቃጩ እጅ ላይ ይደገፍ እንደነበረው ማለት ነው። ልጅ የቤቱን ሬዲዮ ፈትቶ ሲገኝ ወላጅ አበላሸኸው ብሎ ሊቆጣ ይችላል። ከቁጣው በፊት መልሶ መግጠሙን መጠየቅ፣ ካልገጠመም የሚያስተምረው ባለሙያ ዘንድ መላክ ግን ይበልጥ ይጠቅማል። ከአንጎለላ የተነሡት ንጉሠ ነገሥት የወደዱት ሥራ ይኸው ነበር፤ በአዋጅ ያስከበሩትም እርሱኑ ነው።