ማኅተማ ጋንዲ ትግሉን ያስቆሙበት ጊዜ

በ1948 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በዴልሂ በጥይት የተገደሉት ማኅተማ ጋንዲ የተወለዱት በ1869 በፖርባንዳር፣ በምዕራብ ሕንድ ነው። ሎንዶን ሕግ ተምረው ቢመለሱም፣ ቦምቤይ በመጀመሪያው ሙግታቸው ምስክር መጠየቅ አቅቷቸው ከችሎት ወጡ። እኚህ ዓይናፋር ጠበቃ በ1893 ደቡብ አፍሪካ ሄዱ። በዚያም የአንደኛ ማዕረግ ቲኬት ይዘው ሳሉ ስለ ቆዳቸው ቀለም ከባቡር አወረዷቸው። ያለ ጦር መሣሪያ እንቢ ማለትን ለወገኖቻቸው ያስተማሩት በዚያው አገር ነው።

እኛ ግን ከሁሉ አብልጠን የምናደንቀው በ1922 ያደረጉትን ነው። ሕዝቡ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር መተባበርን ትቶ፣ ብዙ ተማሪዎች ከትምህርት ቤት፣ ጠበቆችም ከፍርድ ቤት ወጥተው፣ የውጭ አገር ጨርቅ በየአደባባዩ ይቃጠል ነበር። በፌብሩዋሪ ወር ቻውሪ ቻውራ በምትባል ቦታ ፖሊሶች በሰልፈኞች ላይ ስለ ተኮሱ፣ ሕዝቡ ተቆጥቶ ጣቢያውን አቃጠለ፤ ከ20 የሚበልጡ ፖሊሶችም ሞቱ። ጋንዲ ይህን ሲሰሙ ጥፋቱን ከራሳቸው ቆጥረው አምስት ቀን ጾሙ፤ ትግሉም በመላው አገር እንዲቆም አደረጉ። በወህኒ የነበሩት ኔህሩ እንኳ በዚህ እጅግ ተቆጡ።

ከእኛም መካከል ይህ ፍርሃት ነው የሚል አልጠፋም። ፈሪ ቢሆኑ ኖሮ ግን በማግሥቱ ወር በእንግሊዝ ዳኛ ፊት ክሱን አምነው ከባዱን ቅጣት ባልጠየቁም ነበር። ስድስት ዓመት ተፈረደባቸው፤ በ1924 በሕመም ምክንያት ተፈቱ። በ1930 ስለ ጨው ሕግ ትግሉ እንደገና ሲነሣ፣ እሳቸው ታስረው ሳሉ ተከታዮቻቸው በዳራሳና የጨው ማምረቻ ደጅ የፖሊስ ዱላ እየወረደባቸው፣ አንዱ ሲወድቅ ሌላው እየተተካ፣ እጃቸውን ለመከላከል እንኳ ሳያነሡ ወደ ፊት ይራመዱ ነበር።