ስቫንቴ አሬኒየስ፦ የአሲድን፥ የቤዝንና የጨውን ዝምድና የገለጠ ሊቅ

ሎሚ ስለ ምን እንደሚኮመጥጥ፥ የአመድ ውሃ ስለ ምን በጣት መካከል እንደሚያሙለጨልጭ፥ ሁለቱ ባሕርያት ሲገናኙም ስለ ምን እንደሚጠፋፉ ሊቃውንትን ለብዙ ዘመን ሲያከራክር የኖረ ጥያቄ ነበር። ፈረንሳዊው ላቮዋዝዬ አሲድን አሲድ የሚያሰኘው ኦክሲጅን ነው ብሎ አስተማረ፤ እንግሊዛዊው ዴቪ ግን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ኦክሲጅን ፈጽሞ የሌለበት መሆኑን አሳየ። ጥያቄውን ሥር ነቀል በሆነ መንገድ የመለሰው ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ ነው።

አሬኒየስ እ.ኤ.አ. በ1859 በኡፕሳላ ከተማ አጠገብ ቪክ በተባለ ስፍራ ተወለደ። አባቱ የመሬት ቀያሽ ነበር። ልጁ ገና በሦስት ዓመቱ ማንበብን በራሱ እንደ ተማረ፥ የስሌት ፍቅርም ከለጋነቱ እንዳደረበት ይነገራል። በ1876 ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ በ1881 ደግሞ በፕሮፌሰር ኤድሉንድ ሥር የፊዚክስ ምርምር ለማድረግ ወደ ስቶክሆልም ተሻገረ።

በዚያ የያዘው ጥናት ለመስማት ቀላል፥ ለመፍታት ግን አስቸጋሪ ነበር። ንጹሕ ውሃ የኤሌክትሪክ ኃይልን አያስተላልፍም ለማለት ይቻላል፤ ደረቅ ጨውም አያስተላልፍም፤ ጨው በውሃ ሲሟሟ ግን ኃይሉ በሚገባ ያልፋል። በዘመኑ የነበሩት ሊቃውንት ጨውን የሚከፋፍለው የኤሌክትሪክ ኃይሉ ራሱ ነው ይሉ ነበር። አሬኒየስ የሟሟውን እያቀጠነ በለካ ቁጥር፥ የእያንዳንዱ ጨው እጅ የማስተላለፍ ችሎታ ከፍ እያለ መሄዱን አስተዋለ። ከዚህም ተነሥቶ በውሃ ውስጥ ያሉት ሞለኪዩሎች ከፊሉ ኃይልን ለማስተላለፍ የነቁ፥ ከፊሉ ያልነቁ ናቸው ሲል በ1884 ለዶክትሬት ማዕረግ ባቀረበው ድርሰት አስረዳ።

የኡፕሳላ መምህራን ግን ሐሳቡን በጥርጣሬ ተቀበሉት፤ ድርሰቱም ዝቅተኛ ማዕረግ ተሰጠው። ይህ ውሳኔ ለወጣቱ ከባድ ነበር፤ እንዲህ ያለ ማዕረግ ያገኘ ሰው በዩኒቨርሲቲው ለማስተማር የነበረው ተስፋ የመነመነ ነበርና። አሬኒየስ ግን ተስፋ ሳይቆርጥ ድርሰቱን በውጭ አገር ለሚገኙ ሊቃውንት ላከ። በሪጋ የነበረው ኦስትዋልድ የአሲዶችን ብርታት በሌላ መንገድ ሲመረምር ቆይቶ ነበርና፥ ውጤቱ ከአሬኒየስ ጋር መስማማቱን አይቶ በዚያው ዓመት ራሱ ወደ ኡፕሳላ መጣ። ከዚህ በኋላ አሬኒየስ የማስተማር ሥራ አገኘ፤ ከ1886 ጀምሮም በተሰጠው የጉዞ ድጎማ ከኦስትዋልድ፥ ከኮልራውሽ፥ ከቦልትስማንና ከቫንት ሆፍ ጋር ሠራ።

በ1887 ንድፈ ሐሳቡ ሙሉ መልክ ያዘ። ጨው በሟሟ ጊዜ፥ ኃይል ቢያልፍበትም ባያልፍበትም፥ የኤሌክትሪክ ሙል ወደ ተሸከሙ አዮኖች ይከፈላል። ተቃዋሚዎች፥ ሶዲየም ውሃ ሲነካው የሚነድ፥ ክሎሪንም መርዝ ሆኖ ሳለ ሁለቱ በአንድ ብርጭቆ ውስጥ ተለያይተው እንዴት በሰላም ይኖራሉ ሲሉ ጠየቁ። መልሱ፥ ሙል የተሸከመ አዮን ሙል ከሌለው አቶም በባሕርዩ የተለየ ነው የሚል ነበር። ለዚህም ምስክር አልታጣም፤ ቀጭን የገበታ ጨው ሟሟ የውሃን የመርጊያ ነጥብ ዝቅ የሚያደርገው፥ የሞለኪዩሉ ቁጥር እኩል ከሆነ የስኳር ሟሟ በእጥፍ ያህል ነው፤ አንዱ ቅንጣት ሁለት ሆኗልና።

በዚህ መሠረት አሲድ በውሃ ውስጥ የሃይድሮጂን አዮን፥ ቤዝም የሃይድሮክሳይድ አዮን የሚሰጥ ነገር ነው። ሁለቱ ሲገናኙ እነዚህ አዮኖች ተዋሕደው ውሃ ይሆናሉ፤ የቀሩት የቤዙ አዎንታዊ አዮንና የአሲዱ አሉታዊ አዮን ደግሞ ውሃው ሲተን ጨው ሆነው ይገኛሉ። ብርቱ አሲድና ብርቱ ቤዝ፥ ዓይነታቸው ምንም ቢሆን፥ በቀጭን ሟሟ ሲገናኙ ለአንድ ሞል ውሃ ወደ 57 ኪሎጁል የሚጠጋ ተመሳሳይ ሙቀት የሚሰጡትም ስለዚህ ነው፤ በሁሉም ዘንድ የሚፈጸመው ሥራ አንድ ነውና። የሆምጣጤ አሲድ ደካማ የሆነውም ከሞለኪዩሎቹ ጥቂቶቹ ብቻ ስለሚከፈሉ ነው።

አሬኒየስ በ1895 በስቶክሆልም ፕሮፌሰር ሆነ፤ በ1903 ደግሞ በዚሁ ንድፈ ሐሳብ የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ከ1905 ጀምሮ የኖቤል የፊዚካል ኬሚስትሪ ተቋም ኃላፊ ሆኖ አገልግሎ በ1927 በስቶክሆልም ዐረፈ።

ትርጓሜው ግን ወሰን ነበረው። አሞንያ በውስጡ ሃይድሮክሳይድ ሳይኖረው ቤዝ ይሆናል፤ ያለ ውሃም ከሃይድሮጂን ክሎራይድ ጋዝ ጋር ተዋሕዶ ጨው ያስገኛል። ስለዚህ ብረንስቴድና ላውሪ በ1923፥ አሲድ ፕሮቶን ሰጪ፥ ቤዝም ፕሮቶን ተቀባይ ነው በማለት ሐሳቡን አሰፉት። ይሁን እንጂ ተማሪ አሲድንና ቤዝን ቀላቅሎ፥ ውሃውን አትንኖ፥ በሳሕኑ ላይ ነጭ ጨው ባየ ጊዜ የሚማረው የመጀመሪያ ምክንያት ዛሬም በኡፕሳላ ዝቅተኛ ማዕረግ ከተሰጠው ድርሰት የበቀለው ነው።