እርሳሱን ሠርተው በጠመንጃው የተጠሩት ኮሎኔል

በአባቶቻችን ፉከራ ውስጥ ጠመንጃ ስም አለው። ውጅግራ፣ ምንሽር፣ ለበን ይባላል። ስሞቹ አማርኛ ከመምሰላቸው የተነሳ ከየት መጡ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ውጅግራ የፈረንሳዩ የግራ ጠመንጃ ነው፤ ለበን ደግሞ ሌበል ነው። ሁለቱም የሰው ስሞች ናቸው። ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ስለ ሁለተኛው ሰው፣ ስለ ኮሎኔል ኒኮላ ሌበል ነው። የሚገርመኝ ነገር፣ እኚህ ሰው ጠመንጃውን የሠሩት እሳቸው አለመሆናቸው ነው።

ሌበል በ1838 እ.ኤ.አ. ተወለዱ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የእግረኛ ጦር መኮንን ሆነው ፈረንሳይ በፕሩሲያ የተሸነፈችበትን የ1870ውን ጦርነት አዩ። ከዚያ በኋላ በሻሎን የተኩስ ትምህርት ቤት ሲያገለግሉ ዕድሜያቸው ከጥይት ጋር አለፈ።

በ1884 ፖል ቪዬይ የተባለ ኬሚስት ጭስ አልባ ባሩድ ሠራ። ባሩዱ ከጥቁሩ እጅግ የበረታ ስለነበር በትንሽ ካሊበር ፈጣን ጥይት መተኮስ ተቻለ። በጥር 1886 የጦር ሚኒስትር የሆኑት ጄኔራል ቡላንዤ ታዲያ አዲሱ ጠመንጃ ባስቸኳይ ይድረስ አሉ። በጄኔራል ትራሞን የሚመራው ኮሚሽን ሥራውን ያዘ፤ ሌበልም አባል ነበሩ።

ችግሩ ጊዜ ነው። አዲስ ጥይት ከሥሩ ለመንደፍ ፋታ አልተገኘም። ስለዚህ የውጅግራውን የ11 ሚሊ ሜትር ቀለሃ መነሻ አድርገው አንገቱን ወደ 8 ሚሊ ሜትር አጠበቡት። ቁመቱንም አሳጠሩት።

ነገሩ ሲነገር ቀላል ነው፤ ሲሠራ ግን ወግ አለው። ቀለሃ ናስ ነው፤ ናስ ሲጫኑት ይታዘዛል። ቅባት ተቀብቶ በብረት ቅርጽ ውስጥ ሲገፋ አንገቱ ይጠብባል፣ ይወፍራልም። ባንዴ ብዙ ከገፉት ግን ይጨማደዳል። ደጋግመው ከሠሩት ደግሞ ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ ለዚህ ነው አንገቱን በእሳት የሚያለሰልሱት። መቀመጫውን ግን እሳት አያስነኩትም፤ የተኩሱን ግፊት የሚችለው እሱ ነዋ! ዛሬም የድሮ ጠመንጃ የሚወዱ ሰዎች የአሜሪካውን .348 ዊንቸስተር ቀለሃ በዚሁ መንገድ ወደ ሌበል ይለውጡታል።

አንገት ይጠብባል እንጂ መቀመጫ አይጠብም። የሌበል ጥይት የውጅግራን ሰፊ ወገብና ከንፈር እንደያዘ ቀረ። ከታች ሰፊ፣ ከላይ ቀጭን በመሆኑ ሲደረደር ይቀለበሳል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የፈረንሳዩ ሾሻ መትረየስ ካዝናው እንደ ግማሽ ጨረቃ የጎበጠው በዚህ የተነሳ ነው። ፈረንሳይ ከዚህ ቅርጽ ለመላቀቅ በ1924 ወደ 7.5 ሚሊ ሜትር ጥይት መሄድ ነበረባት፤ እሱንም በ1929 አሻሻለችው። የጥቂት ወራት ጥድፊያ የአርባ ዓመት ዕዳ ሆነ ማለት ነው።

የሌበል ድርሻ ታዲያ ምን ነበር? እርሳሱ ነው። ጥይቱ በሰከንድ ከ600 ሜትር በላይ ሲበር ባዶ እርሳስ የጠመንጃውን ቱቦ ውስጥ እየቀባ ያበላሸዋል። ስለዚህ በመዳብና ኒኬል ቅልቅል የተሸፈነ፣ 15 ግራም ገደማ የሚመዝን እርሳስ ሠሩ። አፍንጫው ጠፍጣፋ ነው። ጠመንጃው ስምንት ጎራሽ ሆኖ ጥይቶቹ በቱቦ ውስጥ አንዱ ከአንዱ ኋላ ይተኛሉ፤ የሾለ አፍንጫ የፊተኛውን ካፕሱል ቢመታ ጉድ ይፈላል።

መዝጊያውን የነደፉት ኮሎኔል ቦኔ ናቸው፤ ባሩዱ የቪዬይ ነው፤ የቀለሃው መነሻ የግራ ነው። መንግሥትም መሣሪያውን የ1886 ሞዴል ብሎ ነበር የሰየመው። ወታደሩ ግን ሌበል አለው፤ በዚያው ጸና። ኮሎኔሉ የእኔ እርሳሱ ብቻ ነው እያሉ ተቃወሙ፤ ማን ሊሰማቸው! በ1891፣ በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ዕድሜያቸው አረፉ።

ውጅግራ በ1888 ዓ.ም. በአድዋ በአባቶቻችን እጅ ነበረ። ለበንም እኛ ዘንድ ደርሶ ስም አወጣ። ሁለቱን በፉከራ አንድ ላይ ስንጠራቸው፣ የአንዱ ቀለሃ ከሌላው እንደተወለደ ብዙዎቻችን አናውቅም።

እኔ ኮሎኔሉን የማከብራቸው ለጠመንጃው አይደለም። የብዙ ሰው ድካም በስማቸው ሲጻፍ ዝም ብለው መቀበል ይችሉ ነበር፤ እሳቸው ግን ድርሻቸውን ለይተው ተናገሩ። በየመሥሪያ ቤታችን የጋራ ሥራ ባንድ ሰው ስም ሲሞካሽ፣ ተሞጋሹ ራሱ እጁን አውጥቶ የእኔ ይህቺ ብቻ ናት ሲል ስንት ጊዜ ሰምታችኋል?

ቸር እንሰንብት።